ተነሺ መሆናችንን በገዛ እጃችን ስለ መፈረማችን

ለክቡር የጨዋታ ሰርቨራችን ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ጀርባዎን አያምዎትም ወይ፣ ዓይንዎስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ስክሪን ፊት ተቀምጦ የአርባ ሦስት ሰው አልጋ መቁጠር ቀላል ድካም እንዳልሆነ ስለማውቅ ስለ ጤናዎ ከልቤ እጨነቃለሁ። እኛ እርስዎ የፈቀዱልንን ያህል ደህና ነን። እህቴም ደህና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች፤ አስከትላም ሌላ ነገር ብላለች፤ እሱን ግን ለደብዳቤው ጨዋነት ስል ትቼዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሁሉም ተጫዋች በሚያነብበት ገጽ ላይ ያወጣሁት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ከዚህ በፊት ሦስት ማመልከቻ በግል ልኬልዎ ሦስቱም «መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚል መልስ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ስላገኙ፣ አንድ ሰው ብቻውን በዚህ ፍጥነት ሲያነብ አንድ ነገር ይሆንብናል ብዬ ሰግቼ፣ አራተኛውን ሌሎችም እያገዙዎት እንዲያነቡት አስቤ ነው።

ማንነቴን ላስታውስዎ። ከጨዋታው ውጭ ባለው ኑሮዬ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ፤ አንድ በር፣ ሲሞቅ ወረቀት የሚያኝክ አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተርና ለወረፋ የሚሆን አግዳሚ ወንበር። መስታወቱ ላይ «ማመልከቻ ይጻፋል» የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ እውነትም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። «ጉዳዩ» እና «በትሕትና» ከጣቴ ጫፍ አይጠፉም። ይህን የምነግርዎ ልኩራራ ብዬ ሳይሆን፣ ወረድ ብዬ ለምናዘዘው ስህተት ምንም ሰበብ እንደሌለኝ ከወዲሁ እንዲገባዎ ነው።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ሆና ሠርታለች። ሰው ሰፈሩን በመንገድና በሱቅ ሲያውቅ እሷ የምታውቀው በደረጃ ነው፤ የጥርስ ሐኪሙ ቤት ሃያ ስድስት፣ የልብስ ሰፊዋ አርባ አራት፣ ያ ጠብ የሚወደው ጡረተኛ ዘጠና ሁለት፣ እያለች በቃሏ ትዘረዝርልዎታለች። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ክዳኑን ወስዶት አፉን ከፍቶ ያደረ የቆጣሪ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች፤ ከዚያ ወዲህ ከወገቧ በታች ሰውነቷ አይታዘዛትም፣ ግራ እጇም ደክሟል። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ከመንገዱ እስከ በራችን ስልሳ ስምንት ደረጃ ነው። ከሆስፒታል ስትመለስ አራት ሰው በወንበር ተሸክሞ አወጣት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አልወረደችም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤታችን የማይነገር አንድ ቃልም ነበር። እትዬ እንቅልፍ ወዳድ ስለሆነች ድሮ ጠዋት ጠዋት ከበሯ ቆሜ «ተነሺ፣ ረፈደ እኮ» እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር። አሁን በሩን ቀስ ብዬ ከፍቼ «ነቃሽ?» ነው የምላት። ሁለታችንም ይህን ተነጋግረን አልወሰንነውም፤ ቃሉ በራሱ ከቤቱ ወጣ።

ጨዋታውን ያመጣችልን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት፤ ለጣቶቿ ጥሩ ነው ብላ። ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ለማስረዳት፣ አፈሩም ዛፉም ተራራውም ከኩብ የተሠራበት ዓለም ነው፤ ሰው ከየቤቱ በኢንተርኔት ይገባና አንድ ላይ ይቆፍራል፣ ይገነባል። ገደል የገባ ወይም ውሃ የበላው ተጫዋች ሞቶ አይቀርም፤ መጨረሻ ከተኛበት አልጋ ላይ ይነሳል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ የመጀመሪያ ጭንቀቱ አንድ ነው፤ ቤቴን የት ልሥራ፣ አልጋዬን የት ላንጥፍ። ይህን ዓለም የሚያስተዳድሩት፣ ሕጉንም በሚያምር አማርኛ የጻፉልን እርስዎ ነዎት፤ እኔም ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቦታው።

ገና ስንገባ እርስዎ በሚቀመጡበት መነሻ አዳራሽ ደጃፍ ላይ «እንኳን ደህና መጡ፤ ባዶ ሆኖ ባገኙት ቦታ ሁሉ ቤትዎን ይሥሩ» የሚል ሰሌዳ አየን። ይህ ቸርነትዎ እኔንና እህቴን ሦስት ቀን አነታረከን። እኔ እዚያው አዳራሹ አጥር ሥር እንሥራ አልኩ፤ ሜዳ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ውሃው ቅርብ ነው፣ ጭራቅ አይመጣም። እትዬ ከአለቃ በር ላይ አልጋ አላነጥፍም አለች። ወንዝ ዳር ወሰድኳት፣ አልወደደችውም፤ ጫካ ወሰድኳት፣ ምንም አይታየኝም ብላ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ከሸለቆው ማዶ እንደ ግድግዳ ቀጥ ያለ አንድ ገደል አይታ ቆመች፤ አናቱ ላይ ለአንዲት ክፍል የምትበቃ ለጥ ያለች ቦታ ነበረች፤ እዚያ ነው አለችኝ።

እንደ ሥራ ተቋራጭ ተከራከርኳት። ውሃ የለም፣ እንጨት የለም፣ መውጫ የለም፣ አንድ እግር የሳተ ሰው አለቀለት አልኳት። «ብወድቅ እነሳ የለ እንዴ» አለችኝ። 

ከቤቱ በፊት የተሠራው ደረጃው ነው። ታብሌቷን በአንድ አውራ ጣት እየነካች፣ በአሥራ አንድ ቀን፣ ገደሉን እየፈለፈለች ስልሳ ስምንት ደረጃ ሠራች፤ አንድ አልጨመረችም፣ አንድ አልቀነሰችም። ከዚያ እላዩ ላይ አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ሸለቆውን የሚያሳይ አንድ መስኮት። ቤቱ ባለቀ ዕለት ዘጠኝ ጊዜ ወርዳ ዘጠኝ ጊዜ ወጣች፤ እኔ አጠገቧ ወንበር ስቤ አውራ ጣቷን እያየሁ ተቀመጥኩ። ወደ ማታ ታብሌቱን ደረቷ ላይ አስቀምጣ «እግሬን ደከመኝ» አለችኝ። ዕቃ የማጥብ መስዬ ኩሽና ገባሁና ብዙ ቆየሁ።

እንግዲህ «ባዶ» የምትለውን ቃል ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ባዶ ማለት እርስዎ እስኪፈልጉት ድረስ ማለት እንደሆነ ያልነገሩን፣ ደስታችንን ላለማቋረጥ ብለው ስለሆነ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መዝገቡ።

እዚህ ላይ ነው የምናዘዘው። ከሁለት ወር በፊት አዳራሽዎ ውስጥ አዲስ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ «በገደሉና በዙሪያው ያላችሁ ተነሺዎች ስማችሁንና የአልጋችሁን ብዛት አስመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ መብቱ አይጠበቅለትም» ይላል። በዚያን ጊዜ ደረጃችንን አይተው የመጡ ሰዎች ገደሉን ተከትለው ቤት ሠርተው ነበርና ሰፈሩ ሠላሳ አንድ ቤት፣ አርባ ሦስት ሰው ሆኖ ነበር። እኔ ሰሌዳውን ሳነብ ምን እንደመሰለኝ ልንገርዎ። ሕግዎ «ተጫዋች ሲሞት ከአልጋው ይነሳል» ይል የለ? ተነሺ ማለት ሞቶ የሚነሳው ነው ብዬ፣ ከሞትን በኋላ በየአልጋችን እንድንነሳ ዋስትና ሊሰጡን መስሎኝ፣ ሮጬ ሄጄ የራሴንና የእህቴን ስም አስመዝግቤ ፈርሜ መጣሁ። ያመነታ ጎረቤት ሁሉ በእኔ ምክር ፈረመ።

አዎ፣ እኔ። ቤታቸው ሊፈርስባቸው ለተነገራቸው ሰዎች «እኛ የልማት ተነሺዎች» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩ ቁጥሩን የማላውቀው ሰውዬ። ያቺ አግዳሚ ወንበር ላይ ስንት ሰው ያችን ቃል በቀስታ እየደገመ ተቀምጦብኛል። ቃሉን በሥራ ሰዓት ሳየው ወዲያው አውቀዋለሁ፤ በጨዋታ ውስጥ ሳየው ግን ጥንቃቄዬን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ትቼው ነበር።

የባሰው ደግሞ እትዬ መደሰቷ ነው። ተነሺ ተብላ በመዝገብ መግባቷን ስነግራት ሳቋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ፤ ስድስት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ ነው። ዝርዝሩን አትምልኝ አለች። ሱቄ ውስጥ በወፍራም ወረቀት፣ በትልቅ ፊደል አተምኩላት፤ «የተነሺዎች ዝርዝር፤ ተራ ቁጥር አንድ» ብሎ በስሟ ይጀምራል። አልጋዋ ራስጌ ለጠፍኩት። በማግሥቱ ጠዋት ሳላስበው ከበሯ ቆሜ «ተነሺ» አልኳት፤ እሷም ቆጣ ብላ «ቆይ፣ ተወኝ፣ አምስት ደቂቃ» አለችኝ። ቃሉ እንዲህ አድርጎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ማስታወቂያዎ ወጣ። «ተነሺዎች በቦታው ለሰፊው ተጫዋች የሚያገለግል የፈረስ መጋለቢያ ሜዳ ስለሚሠራ እስከ ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ለቀው ይነሱ።» ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር ያነበብኩላት። እትዬ ራስጌዋ ያለውን ወረቀት ቀና ብላ አይታ «ለካ ይሄኛው ተነሺ ነው» አለች። ልንቀለው ስነሳ ከለከለችኝ፤ አሁንም እዚያው አለ።

ስህተቱ የእኔ ነው። ፊርማችንን በገዛ ፈቃዳችን በማስረከባችን የቢሮ ሥራዎን ስላቀለልንልዎ ግን አንድ ቀን ያመሰግኑናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ቀዩ ኩብ።

በዚያው ሐሙስ ሠላሳ አንዱም ቤት በሩ ራስ ላይ አንድ አንድ ቀይ ኩብ ተቀምጦ አገኘነው። ማን እንዳስቀመጠው ያየ የለም። አንስተን ብንጥለው ዞር ስንል ተመልሶ እዚያው ነው። በጨዋታው ውስጥ ከታች የሚኖረው ጎረቤታችን አሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አሳንሰር ሲፈታ ሲገጥም ውሎ ማታ እኛ ጋ ሲገባ «ይሄ የእትዬ ደረጃ ለሙያዬ ስድብ ነው» እያለ የሚቀልድ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ቀዩን ኩብ ሦስት ቀን ነቅሎ በአራተኛው ቀን ተወው፤ ቀልዱንም አብሮ ተወው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የእሱን ቤት ለሙከራ ብለው አፈረሱት። አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ስክሪኑ ጠቆረበት። ቤት የነበረበት ቦታ ላይ አሁን አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለ፤ ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ወደ ታች ሲያዩት መጨረሻው አይታይም። ድንጋይ ጣልኩበት፤ ድምፅ አልሰጠኝም። ለፈረስ መጋለቢያ ይህን ያህል ጥልቀት ለምን እንዳስፈለገ ባላውቅም፣ ፈረሶቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ማሰብ እኔም እትዬም ትተናል።

አራተኛ፣ ስለ ላኩልን ሰውዬ።

ይህ ምስጋና ከሁሉም ይከብደኛል። በእርስዎ ሰርቨር ውስጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ከራሱ በላይ ስሙ ተጽፎ ይታያል። ቀዩ ኩብ በተቀመጠበት ዕለት ደረጃችን ግርጌ ስም የሌለው አንድ ሰው ቆሞ አገኘን፤ አራተኛው ደረጃ ላይ። ፊቱ ወደ ላይ ነው። አይናገርም፣ አይቆፍርም፣ ሰላምታ አይመልስም። እትዬ እንግዳ ነው ብላ ዳቦ ብትወረውርለት እግሩ ሥር ቀረ። በማግሥቱ ስምንተኛው ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሁለተኛው ላይ።

ደረጃ መቁጠር የእህቴ ሙያ ነውና ሒሳቡን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። በቀን አራት ይወጣል፤ በአሥራ ሰባተኛው ቀን በራችን ላይ ይደርሳል፤ አሥራ ሰባተኛው ቀን ቅዳሜ ነው። ያለፈባቸው ደረጃዎች ላይ የሰካናቸው ችቦዎች ሁሉ ጠፍተዋል፤ ብንለኩሳቸውም አይነዱም። ሲወጣ ያየው ሰው ግን የለም። ፊት ለፊቱ ቁጭ ብለን ስናየው አይነቃነቅም፤ ሻይ ለማፍላት ሄጄ ስመለስ አራት ደረጃ ቀርቧል።

እትዬ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጎኑ እያለፈች ትወርድ ትወጣ ነበር። ሰኞ ዕለት አርባ ስምንተኛው ላይ ደርሶ ስታልፈው ፊቱን አዞረባት። ምንም አላደረጋትም፤ ዞሮ አያት ብቻ። ከሰኞ ወዲህ አልወረደችም። መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሸለቆውን ታያለች፤ ከዚያ አልጋዋ ላይ ትጋደማለች። እዚህም አራተኛ ፎቅ፣ እዚያም ገደል አፋፍ፤ እዚህም አልጋ፣ እዚያም አልጋ ሆነባት። ክቡር ሆይ፣ እውነቱን ልናገርና ያን ዕለት ጠላሁዎት፤ በሙሉ ትሕትናና አክብሮት ነው የጠላሁዎት።

ይህን ስጽፍ ሐሙስ ነው። ሰውዬው ስልሳኛው ላይ ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ምትክ ቤቱ።

በሁለተኛው ማመልከቻዬ ላይ እህቴ መራመድ የማትችል መሆኗን፣ ይህም ቤት ለሷ ምን እንደሆነ ገልጬ ነበር። ማንም አላነበበውም ብዬ ሳማዎት፣ ለካ አንብበውታል። ምትክ ቤት ተሰጠን። በረሃው መሃል፣ ከሌሎች ሠላሳ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ተሰልፎ፣ በሜዳ ላይ። ሰሌዳው «ለአካል ጉዳተኛ ምቹ፤ ደረጃ የለውም» ይላል።

ይህን ያደረገው ሰው ክፉ ሊሆን አይችልም፤ ክፉ ሰው ይህን ያህል በትክክል አይመታም። ለሥጋዋ ከሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ደረጃ የሌለው ቤት አልሰጣትም፤ በምድር ላይ ደረጃ ሊኖራት የሚችለው በዚያች አንዲት ስፍራ ብቻ ነበር፤ ደረጃው የተነሳላት እዚያ ላይ ሆነ። ለእትዬ ሳነብላት አልተናደደችም። «አለቃው አሳቢ ነው» አለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ስድስተኛ፣ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓትን ስለ መረጡ አመሰግናለሁ፤ ሁላችንም ከሥራ የምንገባበት፣ ማንም የማይቀርበት ሰዓት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሙያዬ ነውና ማመልከቻ ያለ ጥያቄ እንደማያልቅ አውቃለሁ። በዚህ መስመር ላይ «ስለዚህ እንዲተባበሩን እንጠይቃለን» ተብሎ መጻፍ ነበረበት። እንዲያውም ጽፌው ነበር። ትናንት ለእትዬ ሳነብላት አስቆመችኝና አጥፋው አለችኝ። እኔ ደግሞ ተጨንቄ፣ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት አልጋሽን ወደዚያ በረሃ እንውሰደው፣ ቢያንስ አልጋሽ ይተርፋል፣ ተነሺ እባክሽ አልኳት። «አልነሳም» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ስድስት ዓመት የተኛችው መነሳት ስለማትችል ነው። ቅዳሜ የምትተኛው መነሳት ስለማትፈልግ ነው። ይህን ስትል ድምፅዋ ያ ከጡረተኛው ጋር በቆጣሪ ንባብ ስትጣላ የነበረው ድምፅ ነበር፤ ልቤ ፈራ፣ ደስም አለኝ።

እንግዲህ ለቅዳሜ የሚሆነውን አስቀድሜ ላሳውቅዎ፤ ድንገተኛ ነገር ለልብ ጥሩ አይደለም። አሳንሰር ጠጋኙ ቤቱ በፈረሰበት እሑድ የት እንደተነሳ ሳይነግርዎት አልቀረም፤ ካልነገረዎት እኔ ልንገርዎ። የሕግዎ አንቀጽ ዘጠኝ «አልጋው የጠፋበት ተጫዋች በዚያው ቅጽበት ከመነሻ አዳራሹ ደጃፍ ይነሳል» ይላል። እሱም እንደ ተጻፈው፣ ባዶ እጁን፣ ከደጃፍዎ ተነሳ። ብስጭት ብሎት አጠገቡ ያለውን ዓምድ በቡጢ መታው፤ ደጋግሞ ሲመታው አንድ ኩብ ወደቀ። ደንግጦ ኩቡን መልሶ ሰካውና ወደኛ መጣ፤ አሁን ቤታችን ውስጥ ሦስተኛ አልጋ አለ። አዳራሽዎ የተሠራው ከሌላ ነገር ይመስለን ነበር። ለካ እንደኛው ቤት ከኩብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤት ለቤት ዞሬአለሁ። ከዝርዝሩ ከአርባ ሦስቱ ወደ በረሃው የሄደ አንድም ሰው የለም። ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሁላችንም በየአልጋችን እንተኛለን። እርስዎ ቁልፉን ይጫናሉ፤ ሠላሳ ቤት ከነአልጋው ወደዚያ ጉድጓድ ይገባል። በዚያው ቅጽበት፣ በራስዎ ሕግ፣ በራስዎ ፊደል፣ አርባ ሦስት ሰው ከደጃፍዎ ይነሳል። ደግሞም አላወቅኩም እንዳይሉ፤ ስማችንን አንድ በአንድ ጽፈው የያዙት እርስዎ ነዎት። ተነሺዎች ነን።

እርግጥ አርባ ሦስታችንንም በአንድ ትእዛዝ ከሰርቨሩ ማባረር ይችላሉ፤ ሥልጣንዎ ነው። ያን ጊዜ በፈረስ መጋለቢያው ላይ የሚቀሩት እርስዎና ስም የሌለው ሰውዬ ብቻ ይሆናሉ። እሱ ደግሞ እስካሁን እንዳየነው ጨዋታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ደረጃ መውጣት ነው፣ በቀን አራት። የእኛን ሲጨርስ የማንን እንደሚጀምር ጠይቀውት ያውቃሉ?

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ስላነበቡልኝ እያመሰገንኩ፣ እስከ ቅዳሜ ጀርባዎን እንዳይበርድዎ፣ ዓይንዎም ደጃፍዎን አጥርቶ እንዲያይ እመኛለሁ።

ፊትዎን በአካል ለማየት ከወዲሁ የጓጓሁ፣ በማኅተምዎ ሥር በገዛ እጄ የፈረምኩ፣ ታዛዥዎ ሆኜ የምቆይበት ሁለት ቀን ብቻ የቀረኝ፣
የተነሺዎች መዝገብ ተራ ቁጥር ሁለት

ግልባጭ፦
ለተራ ቁጥር አንድ፣ አልጋዋ ላይ
ለአሳንሰር ጠጋኙ፣ ሦስተኛው አልጋ ላይ
ስም ለሌለው ሰውዬ፣ ስልሳኛው ደረጃ ላይ

ማሳሰቢያ፦ እትዬ አዳራሽዎ ስንት ደረጃ እንዳለው ሂደህ ቁጠርልኝ ብላኝ ትናንት ሄጄ ቆጠርኩላት። ከደጃፉ እስከ እርስዎ ወንበር አሥራ ሁለት ነው። ስነግራት ታብሌቷን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ «ይቺማ ምን አላት» አለች።